ግድግዳ በመደርደር ርቀት አይገኝም፦ ስለ ቤቶቻችን ንድፍ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

አንድ የሙያ ባልደረባዬ ከኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ወስደን የመኖሪያና የሥራ ሕንፃዎቻችንን ንድፍ እንድንለውጥ የሚጠይቅ ረዘም ያለ ጽሑፍ በቅርቡ አቅርበዋል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ከእንግዲህ የሚሠሩ ሕንፃዎች ሁለት ሜትርን መነሻ መለኪያ ያድርጉ፤ ሰፋፊ አዳራሾች በግድግዳና በመስታወት ይከፋፈሉ፤ የኮንዶሚኒየም በረንዳዎችና የጋራ መጠቀሚያ ቤቶች ወደ ግል ክፍልነት ይለወጡ፤ አቅም ያለው ሰው ደግሞ ከጋራ ሕንፃ ወጥቶ አጥር በተበጀለት የግል ቤት ይኑር። ኢትዮጵያዊ ተጠጋግቶ መኖር የለመደና ለብቻ የመሆንን ዋጋ የማያውቅ ስለሆነም ይህን በንድፍ ልናስተምረው ይገባል ሲሉ ይደመድማሉ።

ጸሐፊው ለሕዝብ ጤና ተቆርቁረው እንደጻፉ አልጠራጠርም። የምስማማባቸው ነጥቦችም አሉ፤ በየቦታቸው አነሣቸዋለሁ። ዋናው ሐሳብ ግን ስህተት ነው፤ በሥራ ላይ ቢውልም በመጀመሪያ የሚጎዳው በአንድ ክፍል ውስጥ ከነቤተሰቡ የሚኖረው ሰው ነው። ጸሐፊው በሽታ እንዳይተላለፍ መከላከልንና የሰው ገበና እንዲጠበቅ ማድረግን አንድ ጉዳይ አድርገው ወስደው ለሁለቱም ግድግዳ አዘዙ። ግድግዳ ግን አየር ሲዘጋ በሽታን ያግዛል፤ ድምፅና እይታን በትክክል ካልመለሰ ደግሞ ገበናን አይሸፍንም። የቀጣዮቹ ነጥቦቼ ሁሉ መነሻ ይህ ነው።

ሁለት ሜትር ከየት መጣ?

በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ሜትር የተፈጥሮ ሕግ መስሎ ቀርቧል። ኮሪደሩም፣ ደረጃውም፣ በወንበርና በወንበር መካከል ያለው ክፍተትም በዚህ ልክ ይቀረጽ ተብሏል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ሲመክር የነበረው ቢያንስ አንድ ሜትር ነው። አሜሪካኖች ስድስት ጫማ፣ ማለትም 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ገደማ አሉ። በእኛ አገር ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተባለ። ቁጥሮቹ የተለያዩት ሁሉም ለሰዎች አካሄድና አቀማመጥ የወጡ ጊዜያዊ ምክሮች ስለነበሩ ነው፤ አንዳቸውም ለሕንፃ መለኪያነት አልወጡም። ሰው ሲናገርና ሲያስል የሚረጫቸው ትልልቅ ጠብታዎች ሩቅ ሳይሄዱ መሬት ይወድቃሉ ከሚል ግምት የተነሡ ናቸው።

ግምቱ ጎዶሎ መሆኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ታየ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 2020 በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ በሚገኝ ምግብ ቤት ሦስት ቤተሰቦች በሦስት አጎራባች ጠረጴዛዎች ተቀምጠው ምሳ በሉ። ጠረጴዛዎቹ በአንድ ሜትር ገደማ ተራርቀው ነበር። በበሽታው የተያዘው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ሳለ ከሦስቱ ቤተሰቦች በድምሩ አሥር ሰዎች ታመሙ። ወደ ክፍሉ የሚገባ ንጹሕ አየር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የአየር ማቀዝቀዣው ያንኑ አየር እየመላለሰ በሦስቱ ጠረጴዛዎች ላይ ያዞረው ነበር። ከዚያ ዝውውር ውጪ የተቀመጡት ሌሎች ተመጋቢዎችና ሲያስተናግዱ የዋሉት ሠራተኞች አልታመሙም። በዚያው ዓመት መጋቢት መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በተባለው አካባቢ የአንድ መዘምራን ቡድን 61 አባላት ለሁለት ሰዓት ተኩል በዝግ አዳራሽ ተለማመዱ። የተረጋገጠውና የተጠረጠረው ሲደመር 53ቱ ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። በጁላይ ወር 239 ሳይንቲስቶች በሽታው በአየር ጭምር እንደሚተላለፍ እውቅና ይሰጠው ብለው ለጤና ባለሥልጣናት ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። በአንድ ጥግ የተጨሰ እጣን ሁለት ሜትር ላይ እንደማይቆም ሁሉ የታማሚ ትንፋሽም አይቆምም።

አሁን ወደ ኮሪደሩ እንምጣ። ሁለት ሰዎች በሁለት ሜትር ተራርቀው እንዲተላለፉ ከተፈለገ የትከሻቸው ስፋት ሲታሰብ ኮሪደሩ ቢያንስ ሁለት ሜትር ተኩል መሆን አለበት። አሁን 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ኮሪደር ወደዚያ ብናሰፋው በ20 ሜትር ርዝመት 26 ካሬ ሜትር እንጨምራለን። ይህ በአንድ ፎቅ ላይ አንድ ስቱዲዮ ቤት ማለት ነው። አምስት ፎቅ ባለው ሕንፃ አምስት ቤተሰብ ሊያርፍበት የሚችለውን ቦታ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ መተላለፊያ አዋልነው ማለት ነው። አደጋው የሚጨምረው ሰዎች አብረው በሚቆዩበት ጊዜ ልክ ስለሆነ፣ በኮሪደር ላይ ሰላም ተባብሎ ማለፍ ከዝርዝሩ መጨረሻ የሚቀመጥ ነገር ነው። አምስትና ስድስት ሰው ሌሊቱን ሙሉ መስኮት ዘግቶ የሚያድርበት ክፍል ግን ከላይ ይቀመጣል። ጽሑፉ ስለዚህ ክፍል አንድም ዓረፍተ ነገር የለውም።

የጤናው ጥያቄ ዋና መልስ አየር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአየር ዝውውር መመሪያ መኖሪያ ላልሆኑ ሕንፃዎች ለአንድ ሰው በሰከንድ ቢያንስ አሥር ሊትር አየር እንዲገባ መክሯል። ይህን ለማግኘት የግድ ውድ ማሽን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ የሚገኙ ሆስፒታሎችን ለሳንባ ነቀርሳ መከላከል ሲል መርምሮ ነበር። መስኮትና በራቸው የተከፈተ ክፍሎች በሰዓት 28 ጊዜ ያህል አየራቸውን ሲለውጡ በማሽን አየር የሚገባላቸው ክፍሎች 12 ጊዜ ብቻ ይለውጡ ነበር። ከሁሉም የበለጡት ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነው አሮጌ ክፍሎች ናቸው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ ዓመቱን ሙሉ መስኮት ከፍቶ ለመዋል ይመቻል። ቆላው ትንኝ አለበት፣ ደጋው ሌሊት ይበርዳል፤ ስለዚህ ንድፉ ለሁለቱም መላ ሊኖረው ይገባል። እኛ ግን የምንሠራው ሌላ ነው። በየቦታው የምንገጥመው ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት እስከ መጨረሻው ቢከፈት እንኳ የሚለቀው የመስኮቱን ግማሽ ነው። በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ባሉ የመስታወት ሕንፃዎች ደግሞ ከሰፊው መስታወት ውስጥ የምትከፈተው አንዲት ጠባብ ክንፍ ብቻ የሆነችበት ክፍል ብዙ ነው። አንድ ክፍል በሁለት ጎኑ መክፈቻ ካለው፣ ከበር በላይ ደግሞ ሌሊትም ክፍት የምትሆን፣ ወንፊት ያላት ትንሽ መስኮት ከተሠራችለት፣ ብርዱ ሰውን ሳይመታ አየሩ ይለወጣል። የዚህች መስኮት ዋጋ ከኮሪደሩ 26 ካሬ ሜትር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

መስታወት፣ ድምፅና ተራ ጠባቂ

ቢሮዎችን በተመለከተ ጸሐፊው በሴኡል የደረሰውን ጠቅሰዋል፤ የጠቀሱት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በአንድ ሕንፃ 11ኛ ፎቅ ላይ በሚገኝ የስልክ አገልግሎት ማዕከል ከ216 ሠራተኞች 94ቱ ተይዘዋል፤ አብዛኞቹም በአንድ ወገን የተቀመጡት ናቸው። ከዚህ ተነሥተው አዳራሽ ሁሉ ይከፋፈል ይላሉ። ከዚያው ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ግን ሌላ ነው፦ ሠራተኞቹ ሙሉ ቀን፣ ጎን ለጎን፣ ያለማቋረጥ እያወሩ ነበር። አንዱን አዳራሽ በመስታወት ስድስት ቦታ ብንከፍለውና መስኮቱ ለሁለቱ ብቻ ቢደርስ አራት የታፈኑ ክፍሎችን ሠራን ማለት ነው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ላይ ተደርጎ በ2021 የወጣ ጥናትም በተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ የሚቆሙ መከለያዎች አደጋን ከመቀነስ ይልቅ ከከፍተኛ አደጋ ጋር አብረው እንደታዩ ዘግቧል።

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ። ክፍት ቢሮ ሰውን ያቀራርባል የሚባለው አባባል አያሳምነኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ሠራተኞቻቸውን ወደ ክፍት ቢሮ ያዛወሩ ድርጅቶችን ተከታትሎ ፊት ለፊት መነጋገር በ70 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሰው ሁሉም በሚሰማው ቦታ ዝም ይላል፤ ወይም አጠገቡ ላለው ባልደረባ መልእክት ይጽፋል። ለብቻ መነጋገሪያ ትናንሽ ክፍሎች ያስፈልጋሉ የሚለውን ሐሳባቸውን እቀበላለሁ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የአየር መግቢያ ይኑረው ብዬ ብቻ እጨምርበታለሁ።

ጸሐፊው ያልነኩት፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ቦታ ጤና ጣቢያው ነው። በብዙ የተመላላሽ ሕክምና ክፍሎች ሐኪሙ ከአንድ በሽተኛ ጋር እየተነጋገረ ሳለ ተራ ጠባቂው ካርዱን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። በሩ ገርበብ ብሎ ነው። በሽተኛዋ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሐኪሙ አልሰማ ሲል እንደገና ጮክ ብላ ለመናገር ትገደዳለች። በዚያ በር ላይ ሁለት ሜትር የሚል ምልክት ብንቀባ ምንም አይለወጥም፤ የተራ ጠባቂው ጆሮ ሁለት ሜትርን አልፎ ይሰማል። የሚለውጠው ከበሩ ውስጥ አንድ ሜትር ገባ ብሎ የሚቆም አጭር ግድግዳ፣ የሐኪሙ ጠረጴዛ ከበሩ መስመር ውጪ መቀመጡ፣ የመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ደግሞ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ከበሩ ራቅ ማለቱ ነው። ይህ ሁሉ የአንድ ቀን የግንበኛ ሥራ ነው።

ገበናን በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ያሰበ ሕንፃ ሳስብ ፊንላንድ ውስጥ በፓይሚዮ የሚገኘው የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ትዝ ይለኛል። አርክቴክቱ አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 ያጠናቀቀው ነው። በአንድ ክፍል ሁለት በሽተኞች ይተኙ ነበር። አልቶ በመካከላቸው ግድግዳ አላቆመም። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መታጠቢያ ሰጣቸው፤ ገንዳውን ግን ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ድምፅ ሳያሰማ እንዲያርፍ አድርጎ አዘነበለው፤ አንዱ ሌሊት ሲታጠብ ሌላው እንዳይነቃ። አንድ አርክቴክት የውሃ ጠብታ ድምፅን ለሰው ክብር ብሎ ሲያሰላ ይህን ይመስላል። ለበሽታው ደግሞ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኙ ሰፋፊ በረንዳዎችን ሠራ። ሁለቱን ችግሮች በሁለት የተለያዩ መፍትሔዎች መለሰ።

ጥፋቱ የጋራ ሕንፃ ነውን?

ጸሐፊው ኮንዶሚኒየም በራሱ የበሽታ መንገድ ነው ብለው ለማሳየት የሆንግ ኮንጉን አሞይ ጋርደንስ አንሥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሳርስ ወረርሽኝ ጊዜ በዚህ የመኖሪያ መንደር ከ300 በላይ ነዋሪዎች ተይዘው 42 ሞተዋል። ጥያቄው ለምን የሚለው ነው። ምርመራው የደረሰው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ነው። ከወለሉ ፍሳሽ በታች ሽታ እንዳይመለስ ውሃ የሚይዘው የጎበጠው ቧንቧ ደርቆ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ የአየር ማስወጫ ሲሠራ ደግሞ በበሽታው የተበከለውን አየር ከፍሳሽ መስመሩ ወደ ቤት እየሳበ ያስገባው ነበር። የፎቁ ቁመት ወይም የጎረቤቱ ብዛት ለብቻው ይህን አላደረገም።

ይህ ታሪክ ለእኛ ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። በኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰሞን ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል የሚወጣውን ሽታ ያውቀዋል። ያ ሽታ የጎበጠው ቧንቧ መድረቁን ይናገራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ በወለሉ ፍሳሽ በኩል እንዲያልፍ ቢደረግ እጅ በታጠበ ቁጥር ቧንቧው ውሃ ያገኛል። በተሠራው ቤት ውስጥ ደግሞ በየጥቂት ቀኑ ወለሉ ላይ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል። ጸሐፊው ይህን ምሳሌ ይዘው ወደ ቧንቧው ቢወርዱ ኖሮ ብዙ ቤተሰብ በጠቀሙ ነበር። እነዚያው ከጫፍ እስከ ጫፍ በፎቅ የተሞሉ የሆንግ ኮንግ ሰፈሮች በ2020 መጨረሻ የመዘገቡት የኮሮና ሞት ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ መካከል ወደ 150 ገደማ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። የሰፈር ጥግግት አንድ ነገር ነው፤ የክፍል መጨናነቅ ሌላ። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ቤት በቂ የሚባለው በአንድ ክፍል ከሦስት ሰው በላይ ሳይኖር ሲቀር ነው ብሎ የሚለካውም ለዚህ ነው።

አጥር ስላለው የግል ቤት አጭር ነገር ልበል። የአዲስ አበባ ግቢ ከውጭ ሲታይ የአንድ ቤተሰብ ይመስላል። በሩን አልፎ የገባ ግን ከዋናው ቤት ጀርባ በአጥሩ ጥግ የተደረደሩትን ሰርቪስ ክፍሎች ያገኛል። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ተከራይ ቤተሰብ አለ፤ መጸዳጃው አንድ፣ ቧንቧው አንድ ነው። የክፍሎቹ ጀርባ አጥሩ ራሱ ስለሆነ መስኮት በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ግቢው፣ ማለትም ወደ ጎረቤቱ በር ያያል። ጸሐፊው እንደ መሸሸጊያ ያቀረቡልን ግቢ በከተማችን እጅግ ከተጨናነቁት መኖሪያዎች ጥቂቶቹን የያዘ ነው።

ገበና ለእኛ አዲስ ነገር ነውን?

ኢትዮጵያዊ ለብቻ የመሆንን ዋጋ አያውቅም የሚለው አባባል አሳዝኖኛል። ጸሐፊው ለዚህ ማስረጃ ያደረጉት የአሜሪካዊውን የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሆልን መለኪያዎች ነው፦ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር የቅርብ ዘመድ፣ እስከ 1 ሜትር ከ20 የግል፣ ከዚያ እስከ 3 ሜትር ከ60 የማኅበራዊ ግንኙነት ርቀት። እኛ ከዚህ ቀርበን ስለምንቆም ጉድለት አለብን ማለታቸው ነው። ሆል ራሱ ግን ቁጥሮቹን ያገኘው የአገሩን ሰዎች በማየት እንደሆነና ከባህል ባህል እንደሚለያዩ ተናግሯል። በሚዛን ላይ ያስቀመጡን በሌላ ሰው ልክ ተሠፍሮ ነው።

የእኛ ቤት ለገበና የራሱ ሥርዓት ነበረው። ለግብር የሚቀመጠው ሕዝብ አዳራሽ ይገባል፤ እልፍኝ ግን ለተፈቀደለት ብቻ ነው፤ በቤተ መንግሥቱም ማን እልፍኝ እንደሚገባ የሚወስን እልፍኝ አስከልካይ የተባለ ባለሥልጣን ነበረ። በተራው ሰው ጎጆ እንኳ እንግዳ በመደቡ ላይ ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይዘልቅም። የክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብለው በሦስት ደረጃ የተከፈሉ ናቸው፤ የገባ ሁሉ የት ድረስ እንደሚደርስ ያውቃል። በሐረር ጁገል ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው ከተማ፣ የሐረሪዎች ቤት ዋና ክፍል ከፍታቸውና ስፍራቸው የተለያየ አምስት ነደባ የሚባሉ መደቦች አሉት። የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት የታወቀ ነው፤ ከመግቢያው የማይታይ የተሰወረ መደብም አለ። ለሙሽሮች ደግሞ ኪርታት የምትባል ለብቻዋ የተከለለች ትንሽ ክፍል ትዘጋጃለች። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዳንዴ ግድግዳ እንኳ ሳይቆም፣ በከፍታና በአቅጣጫ ብቻ ማን ከማን ምን ያህል እንደሚርቅ ተደንግጓል። ዛሬ 25 ካሬ ሜትር ለሚነድፍ አርክቴክት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ስለዚህ ሕዝቡ የሚማረው ነገር የለም። በስቱዲዮ ቤት ውስጥ አልጋውን በመጋረጃ የሚከልለው ቤተሰብ ገበናውን ማወቁን በየቀኑ እያሳየን ነው። ያላወቅነው ንድፉን የሠራነው እኛ ነን። በሩ ሲከፈት አልጋው ፊት ለፊት የሚታይበትን ቤት ያወጣነው፣ ሁለት በሮችን በአንድ የደረጃ ማረፊያ ላይ ፊት ለፊት የገጠምነው እኛው ነን።

በረንዳውና የጋራ ቤቱ

ጸሐፊው ባክኗል ያሉት ቦታ ከሁሉም ይልቅ ልንከራከርበት የሚገባ ነው። በብዙ ኮንዶሚኒየሞች ከደረጃው ወደየቤቱ የሚወስደው ክፍት መተላለፊያ በመስኮቶቹ አጠገብ ያልፋል። ወጪና ወራጁ ሁሉ በክንድ ርቀት ወደ ቤት ውስጥ ያያል። በእነዚህ መተላለፊያዎች የሄደ ሰው የሚያየው ተመሳሳይ ነው፦ በወረቀት ወይም በጌጥ ላስቲክ የተሸፈነ መስታወት፣ ከኋላው ወፍራም መጋረጃ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ የተደረደረ ዕቃ። ያ መስኮት ከተዘጋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ውስጥ ቡና ይቆላል፣ ወጥ ይሠራል፣ አንዳንዴም ከሰል ይቀጣጠላል፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርስ ሁላችንም ሰምተናል። እናት ገበናዋን ለመሸፈን ስትል የቤቱን አየር ዘጋች። ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ያስገደዳት የመስኮቱ አቀማመጥ ነው።

የአርክቴክት ሥራ የሚፈተነው በዚህ መስኮት ነው። ደፉ ወደ 1 ሜትር ከ60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል የሚያልፈው ሰው ውስጡን አያይም፤ አየርና ብርሃን ግን ይገባል። ዝቅ ያለ መስኮት ካስፈለገም በዘንበል ሳንቃ ወይም ቀዳዳ ባለው ብሎኬት መከለል ይቻላል። ከሁሉም የተሻለው መተላለፊያውን ራሱን ከግድግዳው 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅና በየበሩ ላይ ብቻ በአጭር ድልድይ ማገናኘት ነው፤ በክፍተቱ አየር ይወጣል፣ የሚያልፈውም ሰው ከመስኮቱ ይርቃል። ይህ ያለ ጥርጥር ወጪ ይጨምራል፤ ጸሐፊው ለሰፊ ኮሪደር ካሰቡት ግን ያነሰ ነው። በማረፊያው ላይ ያሉትን በሮች ፊት ለፊት እንዳይገጥሙ ማፋለስ ደግሞ ከመሐንዲሱ እርሳስ በቀር የሚያስወጣው የለም።

በረንዳው ወደ ክፍል ይቀላቀል የሚለው ሐሳብ ይህንን ችግር ያባብሳል። የመተላለፊያው መስኮት ከተዘጋ ቤቱ የሚተነፍሰው በበረንዳው በኩል ብቻ ነው። በረንዳው በአሉሚኒየምና በመስታወት ሲታጠር ከጀርባው ያለው ክፍል አየር የሚያገኘው ከታጠረው ክፍል ተበድሮ ይሆናል። በቤት ውስጥ የታመመ ሰው ለብቻው አየር ሊወስድበት፣ ጎረቤት በር ሳያንኳኳ ሊጠይቀው፣ ልጅ ሊያጠናበት የሚችለው ቦታ ያ ሁለት ካሬ ሜትር ነበር። ነዋሪው የሚያጥረው ቦታ አንሶት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። ባለሙያ ግን ይህን እንደ መልካም ንድፍ ሊመክረው አይገባም።

የጋራ መጠቀሚያ ቤቶቹ ብዙ ቦታ ተዘግተዋል ወይም ለሱቅ ተከራይተዋል ያሉት እውነት ነው። ሲሠሩ እንጀራ እንዲጋገርባቸው፣ ልብስ እንዲታጠብባቸው፣ ለበዓል በግ እንዲታረድባቸው ታስበው ነበር። ከአራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ መውረድ ያደክማል፤ ውሃው ይጠፋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤት ውስጥ ገባ። በእነዚህ ምክንያቶች ሰው ተዋቸው። ከዚህ ተነሥቶ የጋራ ቦታ አያስፈልግም ማለት ግን አይቻልም፤ ለቅሶ ሲደርስ እድሩ ድንኳኑን የሚተክለው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው፤ ሰርጉም፣ ማኅበሩም እዚያው ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ሐዘንተኛን ለመጠየቅ ከሁሉ የሚሻለው ሰፊ፣ ጣሪያ ያለውና ጎኑ የተከፈተ ቦታ ነበር። የብዙዎቹ ሕንፃዎች ነዋሪዎች እንዲህ ያለ ቦታ ስላልነበራቸው ለቀስተኛው ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ተጨናነቀ።

እኔ የምለው የጋራ ቤቱ በሁለት ጎኑ ግድግዳው ይፍረስ፣ ጣሪያው ይቆይ፣ ውሃና መብራት ይዝለቅለት፣ አስተዳደሩም ለእድሩ ይሰጥ ነው። ጸሐፊው መግቢያ ላይ የእጅ መታጠቢያ ይሠራ ያሉትን እደግፋለሁ፤ የመጀመሪያው እዚህ ይተከል። የጋራ ቤቱን ወደ መኖሪያ ከፋፍለው የሚያገኙትን የክፍል ብዛትና የአየር መግቢያ ስፋት በንድፍና በቁጥር ቢያቀርቡልን ከዚህኛው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠን መመዘን እንችላለን።